ቀለም አዘል የሬቲና ሕዋሳትን በስስ ገለፈት ላይ ማሳደግ

ከግንድ ሕዋስ የተገኙትን እነዚህን ሕዋሳት ወደ ዓይን ለመተከል በፈሳሽ በትኖ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ሥር መርጨት ይቀላል፤ ግን ይቋጠራሉ፣ አቅጣጫቸውንም ያጣሉ። ገለፈት ይሻላል። 0.4 ማይክሮሜትር ቀዳዳዎች ያሉትን የፖሊስተር ገለፈት በቪትሮኔክቲን (ሕዋሳት እንዲጣበቁ በሚያደርግ ፕሮቲን) ቀቡና በካሬ ሴንቲሜትር ከ100,000 እስከ 200,000 ሕዋሳት ዝሩበት። ሕዋሳቱ ከሳሱ ተለጥጠው ጠባሳ ሠሪ ሕዋሳትን ይመስላሉ፤ ቀለማቸውም ይጠፋል። ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ይዘው እስኪጠቁሩ ሳምንታት ይፈጃል፤ አትቸኩሉ። ያልተለወጠ ግንድ ሕዋስ መቅረት አለመቅረቱን መርምሩ፤ ዕጢ ሊያበቅል ይችላል።

ከዚያ ገለፈቱን 3 በ6 ሚሊሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። አንዱን ጥግ ሸረፍ አድርጉት፤ ያለ ምልክት ቢገለበጥ ሕዋሳቱ ፊታቸውን ከብርሃን ተቀባዮቹ ያዞራሉ፣ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። በመቆንጠጫ የሚያዘው ጠርዙ ብቻ ነው፤ መሃሉ ከተነካ ሕዋሳቱ ይላጣሉ። ቀዶ ሐኪሙ ሬቲናውን በጨው ውህድ ከፍ አድርጎ ከሥሩ ያስገባዋል።