ቡናው እስኪፈላ አንድ ንድፍ፦ ሰዓሊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት 14 ወር ሙሉ አንድም ሥዕል ሳልሠራ ቆየሁ። ብሩሾቼ ቆርቆሮ ውስጥ እንደቆሙ ደረቁ። ሰው "ሥዕሉስ?" ሲለኝ "አለ፣ እየሠራሁ ነው" እላለሁ። ውሸቴን ነው። ቀን ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰርግ ካርድ ዲዛይን አደርጋለሁ። ማታ የታክሲ ሰልፍ፣ እራት፣ ስልክ፣ እንቅልፍ። ጊዜ የለኝም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ስልኬ ላይ በቀን ስንት ሰዓት እንደማሳልፍ ያየሁ ዕለት ግን አፈርኩ።

ያኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች እነሆ። አንዳንዶቹን አሁንም እሠራቸዋለሁ፤ ስለዚህ እንደ መምህር አትዩኝ።

ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቅ

የሌሎቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው። "ዛሬ ሙድ የለኝም" እንላለን። ነገም የለም። ከሳምንት በኋላ ብሩሹን ማንሳት ራሱ ያስፈራል፤ ምክንያቱም ያን ሁሉ ቀን ካረፍን በኋላ የምንሠራው ነገር ድንቅ መሆን ያለበት ይመስለናል።

እኔን ከዚህ ያወጣኝ የቅኔ ቤት ነው። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ የገቡ ዘመዶች ግን አሉኝ፤ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግሁት። የቅኔ ተማሪ ስሜት እስኪመጣለት አይቀመጥም። ጀማሪ ሲሆን የሚሰጠው ጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚያንስ የቅኔ ዓይነት የለም። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል፣ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ሲጨርስ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፣ ያቃናሉ፣ አንዳንዴም ይጥሉታል። በማግስቱ ሌላ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ ይዞ መምጣት ነውር ነው።

እስቲ ይሄን አሠራር ፈታ አድርጋችሁ እዩት። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሁለት ቤት። ቦታው የታወቀ ነው። ሰሚው አንድ ነው። ቅኔው ቢበላሽ የባከነው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ነገ ሌላ ይቆጠራል። ወርቁን ከሰሙ ሥር መቅበር የቻለ ሰው ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ተራ ቀኖች ውስጥ አልፎ ነው እዚያ የደረሰው።

እኔም የራሴን ጉባኤ ቃና ፈለግሁ። የፖስት ካርድ የምታህል ወረቀት፣ አንድ እርሳስ፣ ጀበናው ከተጣደ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ። በቃ። ቡናው ከፈላ እርሳሱ ይቀመጣል፤ ያማረም ያላማረም። የመጀመሪያው ቀን የሳልኩት ጀበናውን ራሱን ነበር። አንገቱ ላይ እንዳቀረቀርኩ ገነፈለ። ምድጃው ረጠበ፣ ወረቀቴም ረጠበ። እናቴ "አንቺ! ቡናውን ጠብቂ አልኩሽ እንጂ ሳዪው አልኩሽ?" አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ቡናማ ቀለበት ቀረ። እውነቱን ለመናገር ከንድፉ ይልቅ ያቺ ቀለበት ታምራለች።

ስቱዲዮና ሙሉ ዕቃ ካልተሟላ አለመጀመር

የሸራና የቀለም ዋጋ የት እንደደረሰ አዲስ አበባ ላለ ሰዓሊ አልነግረውም። ከውጭ የሚገባው አክሬሊክ አንዷ ቱቦ ወር ታስርባለች። ስቱዲዮማ አይነሳ። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፣ ሰበብ ብቻ ብዬ አላጣጥለውም። ግን ችግሩ እስኪፈታ እጅ ሥራ መፍታት የለበትም።

ኤልያስ ስሜን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እዚሁ የተማረ ሠዓሊ ነው። ሥራዎቹ በትልልቅ የዓለም ሙዚየሞች ይታያሉ። የተሠሩት ግን ከቁልፍ፣ ከክር፣ ከተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ከሽቦ ነው፤ ብዙውን የሚያገኘው ከመርካቶ ነው። ሽቦውን እየጠለፈ፣ እየቸነከረ ከሩቅ ሲያዩት ከአየር ላይ የተነሳ ከተማ የሚመስል ነገር ያወጣል። ሁላችሁም ቁልፍ ስፉ እያልኩ አይደለም። ያ ሰው የመርካቶውን የውዳቂ ዕቃ ገበያ፣ ምን አለሽ ተራን፣ እንደ ቀለም ሱቅ ነው ያየው፤ እኛ ቆሻሻ ብለን እያለፍነው።

ለልምምድ የሚሆን ከሰል እቤት ይሠራል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ጣት የማታህል ቀጫጭን ደረቅ ቅርንጫፍ እለቅምና ልጣጩን እልጣለሁ። ክዳን ባለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጠቅ አድርጌ እደረድራለሁ። ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ እበሳና እሳት ላይ እጥደዋለሁ፤ ደጅ ነው ታዲያ፣ ጭሱ አይቻልም። ጭሱ በቀዳዳው ይወጣል። ጭሱ ሲቆም አወርዳለሁ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፦ ሳይቀዘቅዝ መክፈት። አየር ከገባበት ፍሙ ይነሳና አመድ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። አድሮ ጠዋት ክፈቱት። ካልተነቀነቀ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጣት ላይ የሚቀር ከሰል ይወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ርካሹ ዕቃ ለልምምድ ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለውን ሥራ በግድግዳ ቀለም ሠርታችሁ አትስጡ፤ ይሰነጠቃል፣ ይደበዝዛል። የከሰል ንድፍ እንዳይለቅ ብሎ የፀጉር ስፕሬይ መርጨትም ለቤት ካልሆነ ይቅርባችሁ፤ ወረቀቱ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። እኔ አንድ ደንበኛ በዚህ አጥቻለሁ።

አጠገብ ያለውን ትቶ ስልክ ላይ ሐሳብ መፈለግ

ሐሳብ ሲጠፋኝ ስልኬን እከፍት ነበር። የሌላ አገር ሰዓሊ የሠራውን አያለሁ፣ እደነቃለሁ፣ ይደብረኛል፣ እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ እጄ የሚሠራው ሁሉ የዚያን ሰው ሥራ የደከመ ግልባጭ ይሆናል።

አሁን ታክሲ ውስጥ እስላለሁ። ሚኒባስ ለሰዓሊ የተሠራ ነው። የሰው ማጅራት፣ ጆሮ፣ የነጠላ እጥፋት፣ መስኮቱን የጨበጠ የረዳት እጅ። መኪናው ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ ይበላሻል፤ ይበላሽ። እንዲያውም አንዳንዴ ወረቀቱን ጭራሽ ሳላይ፣ ዓይኔን ከሰውየው ትከሻ ላይ ሳላነሳ በአንድ መስመር እስላለሁ። የሚወጣው ነገር ያስቃል። ግን ዓይን ከእጅ ጋር መናበብ የሚማረው እንደዚያ ነው።

ታዲያ ሰው አይወድም። አንድ ቀን ከፊት ያሉት ትልቅ ሰው ዞር ብለው ነቁብኝ።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"ይቅርታ ጋሼ፣ ኮፍያዎን ወድጄው ነው።"

"ኮፍያዬን ወደሽ ደብተር ላይ?"

ታክሲው በሙሉ ዞረብኝ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። "አፍንጫዬ እንዲህ ነው?" አሉ። ጎናቸው ያለችው ሴትዮ "ነው" አለች። ሳቅ ሆነ። ሊወርዱ ሲሉ ወረቀቱን ጠየቁኝ፤ ቀድጄ ሰጠኋቸው። አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አለኝ። የማላውቀው ሰው ከሆነ እጁን ወይም ጀርባውን እንጂ ፊቱን አልስልም። ከተነቃብኝ አልደብቅም፤ አሳያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚለምን ወይም ለሚያለቅስ ሰው ደብተሬን አላወጣም። በስልክ ተደብቆ ፎቶ አንስቶ እቤት ገብቶ መሳል ደግሞ ለእኔ ስርቆት ነው፤ ሌላው ሰዓሊ ባይስማማም።

የሚሸጠውን ብቻ መደጋገም

ትልልቅ ዓይን ያላት ሴት፣ ጀበና፣ ከኋላ ጎጆ። ስንት እንደሳልኩ ፈጣሪ ይወቀው። የቤት ኪራይ ከፍሎልኛል፤ አልሰድበውም።

ግን አንድ ነገር ልበል። ያ ትልቅ ዓይን ዝም ብሎ የመጣ ጌጥ አልነበረም። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሱ ከፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉው ግን በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ዓይኑ ይናገራል ማለት ነው። እኛ ንግግሩን ትተን ዓይኑን ብቻ ወሰድን። ሃምሳኛዋን ሴት ስስል እጄ ይሠራል፣ እኔ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አስባለሁ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

አሁን አንድ የሚሸጥ ከሠራሁ አንድ የማይሸጥ እሠራለሁ። የማይሸጠው መጥፎ ሆኖ ይወጣል ብዙ ጊዜ። ይሁን።

ያልበሰለውን ማጋራት

በአጭሩ፦ ሊጥ እያለ ፌስቡክ ላይ አታውጡት። ጭብጨባው ከመጣ የጨረሳችሁ ይመስላችኋል፤ ካልመጣ ትተዉታላችሁ። ሁለቱም ሥዕሉን ይገድሉታል።

የሁሉንም ሰው አስተያየት መሰብሰብ፣ ወይም የማንንም አለመስማት

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ሁሉንም ስትሰሙ አክስታችሁ "ትንሽ ቀይ ብትጨምሪበት" ትላለች፣ ጓደኛችሁ "ቀዩ በዛ" ይላል። ማንንም ሳትሰሙ ስትቀሩ ደግሞ ራሳችሁን እየደገማችሁ እንደሆነ የሚነግራችሁ አይኖርም።

የቅኔ ተማሪው የኔታ አለው። እኛ ቢያንስ አንድ ዓይነ-ሹል ጓደኛ እንፈልግ። እኔ በሁለት ሳምንት አንዴ ቅዳሜ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር እገናኛለሁ፤ እሷም ትስላለች። "እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ "ቆንጆ ነው" ስለሆነ። የምንጠያየቀው "ዓይንሽ መጀመሪያ የት ሄደ? ከዚያስ? የት ጋ ሰለቸሽ?" ብለን ነው። ይሄ ጥያቄ ሰውን አያስከፋም፤ ሥዕሉን ግን እርቃኑን ያስቀረዋል።

የእንጀራ ሥራን እንደ ጠላት ማየት

ማተሚያ ቤቱን ለዓመታት ጠላሁት። "እሱ ባይኖር ሰዓሊ እሆን ነበር" እያልኩ። ግን ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እያስተማረ ነው የሳለው፤ ግጥምም ይጽፍ ነበር። ሌላው ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት መምህር ነበር። ደመወዝ የሚበላ ሰው ሁሉ ከሥዕል የወጣ ቢሆን ኖሮ እነሱን ባላወቅናቸው።

እንዲያውም ሰርግ ካርዱ አስተማረኝ። ቀኑን ሙሉ ፊደል ሳስቀምጥ እውላለሁ። "ጨ" እግሯን ከፍታ ትቆማለች፤ "ዐ" ክብ ሆና አየሩን ትይዛለች። ወሰኔ ኮስሮፍ የግዕዝ ፊደላትን እየበታተነና እየገጣጠመ ለአሥርት ዓመታት ሲስል የኖረ ሰዓሊ ነው። የእሱን ሥራ ያየሁት የሙሽሮችን ስም በወርቅማ ቀለም እየደረደርኩ በሰለቸኝ ሰሞን ነበር። በማግስቱ የተበላሹትን ካርዶች ሰብስቤ ጀርባቸው ላይ ፊደል መሳል ጀመርኩ። አለቃዬ ምን እንደማደርግባቸው አሁንም አልጠየቀኝም።

አንድ ነገር ብቻ እጠነቀቃለሁ፦ ከሥራ እንደወጣሁ ቀጥታ ለመሳል አልሞክርም። ዓይኔ ስክሪን ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ሃያ ደቂቃ በእግር ካልሄድኩ እጄ የሚያወጣው ሌላ ሰርግ ካርድ ነው።

ቀን አለመጻፍና መጣል

ድሮ ያልጣመኝን ሁሉ እቀድ ነበር። ሲቀደድ ደስ ይላል፣ አልክድም። ችግሩ ከዓመት በኋላ የት እንደነበርኩ የሚያሳየኝ ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ባለሁበት የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

አሁን እያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ላይ ቀኑን እጽፋለሁ። ሌላ ምንም፤ ርዕስ የለ፣ ማብራሪያ የለ። የጫማ ካርቶን ውስጥ እጥላቸዋለሁ። በዓመት አንዴ፣ ጳጉሜን ላይ፣ መሬት ላይ ዘርግቼ አያቸዋለሁ። ባለፈው ስዘረጋ እናቴ ገባች። ከሁሉም መሃል ቡና ቀለበት ያለባትን አነሳች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"የገነፈለው ጀበና ነው እማዬ።"

ገልበጥ አድርጋ ቀኑን አየች። "ያን ቀን ቡና ሳንጠጣ ነው የዋልነው" አለችና ካርዷን ይዛት ወጣች። አሁን ማድ ቤት መስኮቱ ላይ ናት፣ በሊጥ ተለጥፋ።