«ስከፍተው ይታወራል»፦ የታጣፊ ስልክ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዘጌ በጀልባ ለገበያ የመጡ እናት፣ ከመቀነታቸው የፈቱትን ታጣፊ ስልክ የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ስከፍተው ይታወራል» አሉኝ። ቀስ ብዬ ከፈትኩት። እስከ ግማሹ ድረስ ሰዓቱም ቁጥሩም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ጣት ያህል ስጨምርበት ስክሪኑ እንደ ወረቀት ነጭ ሆነ። ጥቂት መለስ ሳደርገው ምስሉ ተመለሰ። ከእኔ በፊት ያየው ጠጋኝ «ስክሪኑ ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ ገጥሞላቸው ነበር፤ ችግሩ ግን በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የቡናና የጌሾ ገንዘብ ነው የከፈሉት። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ስክሪኑ መጀመሪያም ጤነኛ ነበር። መልሱንም እናትየዋ ራሳቸው በአንድ ቃል ተናግረውታል፤ «ስከፍተው» ብለዋል።

ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ ስጠግን ስለ ታጣፊ ስልክ የማልሰማው አስተያየት የለም። የሚወዱት ስለ ትልልቅ ቁልፎቹ፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ በራሱ ስለማይደውል፣ ባትሪው ለቀናት ስለሚቆይ ያመሰግኑታል። የሚጠሉት ደግሞ «የልጅ መጫወቻ ነው» ብለው ይጥሉታል። ከተጣሉት ውስጥ አብዛኞቹ እጄ ላይ ሲደርሱ የሚድኑ ናቸው። ስለዚህ ሰዎች ችግሩን በሚናገሩበት ቃል ጀምሬ ምክንያቱንና መፍትሄውን ልጻፍ።

«ስከፍተው ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፤ ይንቀጠቀጣል፤ መስመር ይሠራል»

የታጣፊ ስልክ ሞተሩ፣ ማለትም ዋናው ቦርድ፣ ያለው ብዙውን ጊዜ ቁልፎቹ ባሉበት በታችኛው ክፍል ነው፤ ስክሪኑና የጆሮ ስፒከሩ ከላይ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በማጠፊያው ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያልፍ፣ እንደ ሪባን ስስ የሆነ ገመድ ነው። እኛ ጠጋኞች ፍሌክስ እንለዋለን። በውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ስልኩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይህ ገመድ ይታጠፋል። በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚከፈት ስልክ በዓመት ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ይታጠፋል ማለት ነው። አንዱ መስመር ሲሰነጠቅ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲታጠፍ ይገናኛል፣ በሌላው ይላቀቃል። ምስሉ የሚሄደውና የሚመጣው ለዚህ ነው።

ፍተሻው መሣሪያ አይፈልግም። ስልኩን አብርታችሁ እንደ መጽሐፍ በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ምስሉ የሚጠፋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ቢታጠፍ ስክሪኑ ጥቁር ወይም ነጭ ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ቀለም እንደፈሰሰበት ጥቁር ጥላ ከታየበት፣ ያን ጊዜ ስክሪኑን መጠርጠር ይቻላል። የጆሮ ድምፁም ከምስሉ ጋር አብሮ የሚሄድና የሚመጣ ከሆነ ግን ጥርጣሬ አያስፈልግም፤ ሁለቱ የሚጋሩት ያንኑ ገመድ ነው።

መፍትሄው ገመዱን መቀየር ነው። የተሰነጠቀ ፍሌክስ በብየዳ አይድንም፤ የተበየደው ቦታ ስለሚደርቅ ከጎኑ እንደገና ይሰበራል። ጠጋኙ «ስክሪን ነው» ካላችሁ፣ ስልኩን ፊቱ ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ምስሉ ሲመለስ አሳዩት። ከቀየራችሁ በኋላም በአንድ እጅ አወናጭፎ መክፈትን ተዉ። ብዙ ወጣቶች በአውራ ጣታቸው ፈልቀቅ አድርገው ሲከፍቱት ደስ ይላቸዋል፤ ማጠፊያውን የሚያላላውም ገመዱን የሚበጥሰውም እሱ ነው።

የዘጌዋ እናት ስልክ ላይ ግን ሌላም ነገር ነበር። ገመዱን ሳወጣው ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል። መቀነት ውስጥ የሚቀመጥ ስልክ የሰውነት ላብ ይጠጣል፤ ላብ ደግሞ ጨው አለው፤ ጨውና መዳብ ሲገናኙ አረንጓዴ ዝገት ይፈጠራል። መቀነት ገንዘብ ማስቀመጫ መሆኑን የማታውቅ እናት የለችም፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው እንዲይዙት ግን ለምኛቸዋለሁ።

«ስከፍተው አይነሳም፤ ስዘጋው አይቆረጥም»

ይህ ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው። ስልኩ መከፈትና መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ነው። በአንደኛው ክፍል ትንሽ ማግኔት፣ በሌላኛው ማግኔት የሚያሸት ጠቋሚ አለ። ሲገናኙ «ተዘግቻለሁ» ይላል፣ ሲለያዩ «ተከፍቻለሁ» ይላል። ስለዚህ ማግኔት ያለው የቦርሳ መቆለፊያ ወይም የስልክ ልባስ አጠገብ ከሆነ ስልኩ ተከፍቶም ቢሆን የተዘጋ ይመስለዋል። መጀመሪያ ስልኩን ከቦርሳና ከልባስ አውጥታችሁ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። ከሠራ ስልኩ ጤነኛ ነው።

ያም ካልሆነ የስልኩን ቅንብር ግቡና የጥሪ ምርጫዎችን ተመልከቱ። «ሲከፈት ጥሪ ተቀበል» የሚል ምርጫ በብዙዎቹ ላይ አለ፤ ተዘግቶ ከሆነ ክፈቱት። አንድ አስተያየትም እዚህ ላይ ላርም። «ድምፁን ከፍ አድርጌ እያወራሁ ስዘጋው ይቆረጣል» የሚሉኝ አሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ስልኩን ማጠፍ ማለት ጥሪውን መቁረጥ እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው።

«አይሰማኝም» እና «አይሰሙኝም»

ሁለቱን ለዩልኝ። እናንተ የማትሰሙ ከሆነ በጥሪ ላይ እያላችሁ ድምፁን ወደ ውጭ አድርጉት። በውጭው ስፒከር ከሰማችሁ፣ ችግሩ የጆሮው ስፒከር ወይም ያ የማጠፊያ ገመድ ነው። የስፒከሩ ወንፊት በዱቄትና በአቧራ ይደፈናል፤ ለስላሳ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። መርፌ አትክተቱ፤ ከወንፊቱ በስተጀርባ ያለው ሽፋን ከወረቀት ይሳሳል። ስክሪኑ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ምልክት ካያችሁ ደግሞ፣ ምንም ሳይሰካ ስልኩ የተሰካ መስሎታል ማለት ነው። ማዳመጫውን አምስት ስድስት ጊዜ ሰክታችሁ ንቀሉት፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል።

እነሱ የማይሰሟችሁ ከሆነ ማይኩ ከታች፣ ከቁልፎቹ ግርጌ ያለች የመርፌ ቀዳዳ ናት። ብዙ ሰው ሲያወራ በጣቱ ይደፍናታል።

«አይጮኽም»

መሰላል ምልክት (#) ያለበትን ቁልፍ ጫን ብላችሁ ያዙት። በብዙ የቁልፍ ስልኮች ላይ ይህ ስልኩን ድምፅ አልባ የሚያደርግና የሚመልስ አቋራጭ ነው፤ ልጆች ሲነካኩትም ሰው ሳያውቅ ይበራል። ከጭልጋ የመጡ አንድ አባት ለሁለት ወር ያህል ልጃቸው የረሳቸው መስሏቸው ኖረዋል። ስልኩን ስከፍተው ያልተመለሱ ጥሪዎች ተደርድረው አገኘሁ፤ አብዛኞቹ የልጃቸው ነበሩ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ገንዘብ አልተቀበልኳቸውም።

«ቻርጅ አይዝም»

በእኛ አገር የዚህ ችግር ተጠያቂ ብዙ ጊዜ ጋቢ ነው። የጋቢና የነጠላ ጥጥ ብናኝ በቻርጅ መሰኪያው ውስጥ ይጠቀጠቅና ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም። ባትሪውን አውጡ፤ በእንጨት ስንጥር በቀስታ ጠርጉት። የሚወጣውን የጥጥ ኳስ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ባትሪውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡና አሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧልና ጣሉት፤ መርፌም ምስማርም እንዳታስጠጉበት፣ ይቀጣጠላል። ካላበጠ የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ይለካላችሁ። የሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ3 ቮልት በታች ወርዶ ለወራት የቆየ ባትሪ በአብዛኛው አይመለስም። የተለያዩ ታጣፊ ስልኮች ባትሪ ይለያያል፤ ለምሳሌ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖኪያ 2660 ፍሊፕ 1450 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝና የሚወጣ ባትሪ አለው። የሚወጣ ባትሪ ያለውን ምረጡ፤ ለገጠር ሰው ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም።

«ሐይቁ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ባትሪውም አብሮ ያልቃል»

ይህ ቅሬታ የጀልባ ሰዎችና የዓሣ አስጋሪዎች ነው፤ ሁለቱ ችግሮችም አንድ ምክንያት አላቸው። ጣና ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጂኤስኤም (2ጂ) ስልክ ደግሞ በተለመደው አሠራር ከኔትወርኩ ምሰሶ 35 ኪሎ ሜትር ካለፈ፣ ሲግናሉ ቢደርስ እንኳ መነጋገር አይችልም። ምሰሶው የእያንዳንዱን ስልክ መልስ በሰዓቱ ይጠብቃል፤ ከዚያ ርቀት የሚመጣ መልስ ይዘገይበታል። ውሃው ሜዳ ስለሆነ ሞገዱ ሩቅ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከመሀል ሐይቅ ሆናችሁ ሁለት መስመር እያያችሁ ጥሪው እምቢ ሊል ይችላል። ስልኩ ደግሞ ምሰሶ ፍለጋ ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ይጮኻል፤ ባትሪውን የሚጨርሰው ይህ ጩኸት ነው።

መፍትሄው ሁለት ነው። በጉዞ ላይ ማንም እንደማይደውል ካወቃችሁ ስልኩን አጥፉትና ደቅ ወይም ጎርጎራ ስትቃረቡ ክፈቱት። ካልሆነ ደግሞ ባትሪው እንዳያልቅ የኔትወርክ ምርጫውን ከ«ራሱ ይምረጥ» ወደ 2ጂ ብቻ አድርጉት። ለመደወልና ለመልእክት ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ስልኩም ከ4ጂ ወደ 3ጂ፣ ከ3ጂ ወደ 2ጂ መዋለሉን ይተዋል። ሁለት ሲም የምትይዙ፣ በ09 እና በ07 የሚጀምሩትን፣ አንደኛው በቦታው የማይሠራ ከሆነ ለጊዜው ዝጉት፤ አንድ ስልክ ሁለት ምሰሶ ሲፈልግ ድካሙ እጥፍ ነው።

«ውሃ ገባበት»

ጀልባ ላይ የተረጨም፣ ጣና ውስጥ የወደቀም መፍትሄው አንድ ነው፤ ፍጥነት። ለማብራት አትሞክሩ። ባትሪውን ወዲያው አውጡ፣ ሲሙን አውጡ፣ ስልኩን ከፍታችሁ አራግፉት፤ ጥላ ላይ ነፋስ በሚነካው ቦታ አቆዩት። ሩዝ ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፤ ብናኙ በማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል። ፀሐይ ላይና ምድጃ አጠገብም አታድርጉት። በማግስቱ ጠጋኝ ዘንድ ወስዳችሁ ቦርዱን በአልኮል ያጥብላችሁ። ደርቆ ቢሠራም አሳጥቡት፤ የቀረው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል።

«ሂሳቤን ይበላል»

ሲማችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*804# ቀሪ ሂሳባችሁን ተመልከቱ፣ ሳትደውሉ ነገ ደግማችሁ ተመልከቱ። ከቀነሰ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ ሳታውቁት የሚበራው ኢንተርኔት ነው፤ በብዙ የቁልፍ ስልኮች የመሀለኛው ቁልፍ ያስገባል፤ የሞባይል ዳታውን ዝጉት። ሁለተኛው ሳታስቡት የተመዘገባችሁበት የአጭር መልእክት አገልግሎት ነው፤ ከአጭር ቁጥር በየቀኑ መልእክት ይመጣላችሁ እንደሆነ አረጋግጡና በ994 ደውላችሁ አዘጉት። ቴሌብር ለመጠቀም ግን ዳታ አያስፈልጋችሁም፤ *127# በማንኛውም ታጣፊ ስልክ ይሠራል።

«ሰዓቱ በራሱ ይቀየራል»

ብዙ አረጋውያን ስልካቸውን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይሞላሉ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን 1:00 እንዲል። ስልኩ ከኔትወርኩ ሰዓት የሚወስድ ከሆነ ግን መልሶ 7:00 ያደርገዋል። በሰዓት ቅንብሩ ውስጥ «ራሱ ያስተካክል» የሚለውን ዝጉት። ለቅዳሴ የምታነቃው ደወል በስድስት ሰዓት የተዛባችባቸው ካሉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

«መልእክቱ አራት ማዕዘን ብቻ ነው»

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፊደሉ ያልተጫነባቸው ስልኮች ግን አሁንም አሉ። እነዚህ ስልኮች እያንዳንዱን ፊደል በባዶ አራት ማዕዘን ይተኩታል። ስልኩ አልተበላሸም፤ ጠጋኝም ሊያስገባለት አይችልም። ከመግዛታችሁ በፊት ከራሳችሁ ስልክ በአማርኛ «ሰላም» ብላችሁ ላኩበትና ተመልከቱ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ረጅም የአማርኛ መልእክት ተቆራርጦ ቢመጣ ወይም ሁለትና ሦስት ቢቆጠር አትደንግጡ።

አዲስ መልእክት ጨርሶ የማይገባ ከሆነ ሳጥኑ ሞልቷል። የድሮ ሲም የሚይዘው ጥቂት መልእክት ነው። በቅንብሩ ማስቀመጫውን ከሲም ወደ ስልክ አዙሩና አሮጌዎቹን ሰርዙ። ለዘጌዋ እናት ይህን ስሠራላቸው አንዷን አስቀሩኝ፤ ሴት ልጃቸው ከአዲስ አበባ «ደርሻለሁ» ብላ የላከቻትን።