የገብስ ዳታ ምስር ላይ፦ ለላብራቶሪ ኮምፒውተሮች ስም ስናወጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የገብሱ ዳታ የት ነው ያለው?»

«ምስር ላይ።»

«የምስሩስ?»

«እሱማ ገብስ ላይ ነው። ግማሹን ግን ወደ ባቄላ አዙረነዋል።»

ይህን ንግግር ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ቦታው ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ አንድ የአፈርና የሰብል ላብራቶሪ ነው። ኔትወርኩን የዘረጋው ባለሙያ ለኮምፒውተሮቹ ሁሉ የእህል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ሐሳቡ ያምራል። ሰሜን ሸዋ የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ስሞቹ ለማንም አይከብዱም። ችግሩ ላብራቶሪው ራሱ የሚመረምረው ገብስና ባቄላ መሆኑ ነው። አዲስ የመጣች ተመራማሪ «ገብስ» የሚለውን ኮምፒውተር ከፍታ ያገኘችው የምስር ውጤት ነው። ናሙና የተቀላቀለ መሰላት። ሁለት ቀን ሙሉ የናሙና ከረጢት ስታገላብጥ ከረመች።

ኮምፒውተሮችን በአንድ ጭብጥ ሥር መሰየም ጥሩ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥር የተደረደረበት ስም ከአፍ አይገባም፣ ከልብም አያድርም። «ቡልጋ» ግን አንዴ ከሰሙት አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶን ሊብስ ስለ ኮምፒውተር አሰያየም በጻፈው አርኤፍሲ 1178 በተባለ ሰነድ ላይም ጭብጥ ያላቸው ስሞች ይመከራሉ። በዚያው ሰነድ ላይ በሥራ ቦታ ቀድሞ ሌላ ትርጉም ያለውን ቃል ለኮምፒውተር አትስጡ የሚል ምክርም አለ። ስለዚህ በግ የሚያዳቅል ማዕከል የበግ ዝርያ ስም አያውጣ። አፈር የሚመረምር ቤት «ዋልካ» እና «መረሬ» የሚባል ኮምፒውተር አይኑረው። በየቀኑ ለሥራ የምትጠሩት ቃል ለሥራው ይቆይ።

ቶሎ የሚያልቅ ጭብጥ

የወራትን ስም የመረጡ ሰዎች አውቃለሁ። አሥራ ሦስት ወር አለን፤ ኮምፒውተሩ ስምንት ነው፤ ይበቃል ብለው ነበር። ላብራቶሪ ግን ያድጋል። አንድ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ ይመጣል። አሥራ አራተኛው ሲደርስ ከጳጉሜን ቀጥሎ ምን ይባላል? ደግሞ «ሰኔ ከታኅሣሥ ጀምሮ አይሠራም» የሚል ሪፖርት ጽፋችሁ ለማንም ብትሰጡ ሁለት ጊዜ ያነበዋል። ወራት ቅደም ተከተልም አላቸው። ሰዉ መስከረምን የሁሉ አለቃ፣ ጳጉሜንን ትርፍ ዕቃ አድርጎ ያስባል።

እኔ የአገር ስም ይሻለኛል። መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ፣ ይፋት፣ ምንጃር፣ ሞረት፣ እንሳሮ፣ መርሐቤቴ። እነዚህ ቢያልቁ ከተሞቹ አሉ፦ ሞላሌ፣ ደነባ፣ እነዋሪ፣ አረርቲ። እነሱም ቢያልቁ ወንዞቹና ተራሮቹ ይከተላሉ። ዛሬ ካላችሁ ኮምፒውተር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ስም የሚገኝበትን ጭብጥ ምረጡ።

በስልክ የማይለዩ ስሞች

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ማታ ላይ ወጣቱ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ደወለ። የፋይል ሰርቨሩ ስታክ አድርጓል። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ደጅ ነበርና ነፋሱ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ አጥፍቼ ላስነሳው?»

«አዎ፣ ጣርማበርን አጥፋና አስነሳ።»

ትንሽ ቆይቶ፦ «ጨርሻለሁ ጋሼ፣ አንኮበር ተነስቷል።»

አንኮበር የአፈር ማድረቂያውን ምድጃ ሙቀት የሚመዘግበው ኮምፒውተር ነው። የአፈር እርጥበት ለመለካት ናሙናው በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። በዚያ ሰዓት ምድጃው ውስጥ ናሙና ነበር። መዝገቡ መሐሉ ላይ ተቆረጠ። ሙቀቱ አልዋዠቀም ብሎ የሚመሰክር ነገር ስላልነበረ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ልጁን አልወቀስኩትም። በነፋሱ መሐል የሰማው «በር» የምትለውን ብቻ ነበር። ሁለቱን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ዝርዝሩን ይዛችሁ ወደ ሥራ ባልደረባችሁ ስልክ ደውሉ። እሱ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ቢሆን ይመረጣል። ስሞቹን አንድ በአንድ አንብቡለት፣ እሱ ይጻፍ። የተምታታበት ጥንድ ካለ አንዱ ይውጣ። አንኮበርና ጣርማበር፣ ኤፍራታና ይፋት አብረው መግባት የለባቸውም።

በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ የሚጻፍ ስም

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረን ይህ ነው። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያም አያነሳልንም።

የኮምፒውተር ስም በኔትወርክ ላይ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በጭረት ነው። እና «ቀወት»ን እንዴት ትጽፉታላችሁ? አንዱ በኬ ይጀምራል። ሌላው በኪው። መጨረሻው ላይ አንዱ ኢ ያደርጋል፣ ሌላው ኦ። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ በካርታም በሪፖርትም ላይ ሁሉንም ታገኟቸዋላችሁ። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ሌላውን ስትጽፉ «አልተገኘም» ይላችኋል። ሰውየው ኔትወርክ የጠፋ ይመስለዋል። ገመድ ይነቅላል፣ ሮውተር ያጠፋል፣ በመጨረሻ ይደውላል። ጥፋቱ ሁሉ አንዲት ፊደል ነበረች።

ደብረ ብርሃን ራሱ እንኳ ከታፔላ ታፔላ አጻጻፉ ይለያያል። የሚጠብቅ ድምፅ ያለበት ስምም እንዲሁ ነው፦ ጅሩ በአንድ አር ነው በሁለት? ጀማ በአንድ ኤም ነው በሁለት? ጓሳን በዩ ወይስ በደብሊው? ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ ያለባቸው ስሞች በተለይ ያጠራጥራሉ።

በግዕዝ ፊደል ይጻፍ የሚል ሰው ይኖራል። ልቤ ይፈልገዋል። የኮምፒውተርን ስም ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉመው የዶሜይን ስም ሥርዓት (ዲኤንኤስ) የሌሎች ቋንቋዎችን ፊደል የሚያስተናግድበት መንገድም አለው። ግን ስሙ ከበስተጀርባ በኤክስ፣ በኤን እና በሁለት ጭረት ወደሚጀምር የላቲን ኮድ ይቀየራል። ብዙ የላብራቶሪ ሶፍትዌር የሚያሳያችሁ ያንን ኮድ ነው፤ ማንም ሊያነበው አይችልም። የራሳችን ሞክሼ ፊደሎችም አሉ። «ሰላ ድንጋይ» በእሳቱ ሰ ነው ወይስ በንጉሡ ሠ? ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

እኔ የማደርገው ይኸውላችሁ። ስሙን ለአምስት ሰዎች በቃል እነግራቸዋለሁ። ሳይተያዩ በላቲን ይጽፉልኛል። አምስቱም አንድ ዓይነት ከጻፉ ስሙ ያልፋል። ቡልጋ፣ ሞረት፣ ሞላሌና ምንጃር በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው።

የረዘመ ስም

በአማርኛ አጭር የሆነ ስም በላቲን ይረዝማል። «አንጾኪያ ገምዛ» በእኛ ፊደል ስምንት ናት፤ በላቲን አሥራ አራት። ዊንዶውስ አሁንም ኔትባዮስ ለተባለው የቆየ አሠራር ስሙን ከ15ኛው ፊደል በኋላ ይቆርጠዋል። ሁለት ኮምፒውተር ኖሯችሁ ከስሙ በኋላ ጭረት አድርጋችሁ 01 እና 02 ብትሏቸው ጭረቷ አሥራ አምስተኛ ትሆናለች። ቁጥሮቹ ይቆረጣሉ። ሁለቱም አንድ ስም ይዘው ይጋጫሉ። በላቲን ከስምንት ፊደል ያልበለጠ ስም ብትይዙ ለመጻፍም ይቀላል።

እግረ መንገዳችንን፦ አንደርስኮር አትጠቀሙ፣ በጭረት አትጀምሩ፣ በጭረትም አትጨርሱ። በትልቅና በትንሽ ፊደል ሁለት ስም ለመለየት አትሞክሩ፣ ሥርዓቱ አይለያቸውም። የውስጥ ኔትወርካችሁን መጨረሻ «ዶት ሎካል» አትበሉት፣ ለሌላ አሠራር የተያዘ ነው። «ዶት ኢንተርናል» ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንተርኔት ስሞችን በሚያስተባብረው ድርጅት በአይካን ለውስጥ አገልግሎት ተለይቶ ተቀምጧል።

በሰው፣ በክፍል ወይም በሥራ መሰየም

የዶክተር እገሌ ኮምፒውተር ተብሎ የተሰየመ ማሽን፣ ዶክተሩ ሌላ ቦታ ከሄዱ ሦስት ዓመት ቢያልፋቸውም በስማቸው ይጠራል። አዲሱ ባለቤት ከፍቶ ሲገባ የእንግዳ ስሜት ይሰማዋል። ክፍልም እንዲሁ ነው። «ክፍል 12» የተባለው ኮምፒውተር ጣሪያ ሲያፈስ ወደ ክፍል 7 ይዛወራል፣ ስሙ ግን 12 እንዳለ ይቀራል። የሥራ ስም ደግሞ በጣም ይፈትናል፦ «ፕሪንት»፣ «ባክአፕ» ማለት ግልጽ ይመስላል። ሥራው ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወርስ?

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። ማሽኑ «ቡልጋ» ይባል። በዲኤንኤስ ላይ ደግሞ ሲኔም በሚባለው ተለዋጭ ስም «ባክአፕ» ወደ ቡልጋ ይጠቁም። ሥራው ወደ ሞረት ሲዛወር የምትቀይሩት አንዷን መስመር ብቻ ነው። ተጠቃሚው ምንም ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል።

የታቦትና የነገሥታት ስም

ይህን በአጭሩ ልበል። ኮምፒውተር ይበላሻል፣ ይወድቃል፣ ቫይረስ ይገባዋል፣ በመጨረሻም ይጣላል። «ገብርኤል ቫይረስ ገብቶበታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከማንም አፍ መውጣት የለበትም። የነቢያትም፣ የሼሆችም ስም እንዲሁ። የነገሥታት ስም ቢሆን አንዱን የሚያኮራው ሌላውን ያስከፋል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ የሁሉም ቤት ልጅ ይሠራል።

የተጣለ ኮምፒውተርን ስም ለአዲሱ መስጠት

አሮጌው መንዝ ተቃጥሎ አዲስ ሲመጣ «መንዝ ይባል» ማለት ደስ ይላል። ግን በየኮምፒውተሩ ላይ የአሮጌው መንዝ መለያ ተቀምጧል። ኤስኤስኤች በተባለው፣ ከሩቅ ሆኖ ወደ ኮምፒውተር መግቢያ መንገድ የሚገቡ ሰዎች ቁልፉ ተቀይሯል የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣባቸዋል። ያን ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ ማለፍ ከለመዱ፣ እውነተኛ ሰርጎ ገብ ሲመጣም ያልፉታል። ለሳይንሱ ደግሞ የባሰ ነው። ብዙ መሣሪያ በውጤት ፋይሉ ላይ የኮምፒውተሩን ስም ይጽፋል። ከአምስት ዓመት በኋላ «ይህ የተለካው በየትኛው መንዝ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ መልስ አይገኝለትም። የሄደ ስም ከነማሽኑ ይሂድ።

ሳይመዘግቡ መሰየም

አንድ ደብተር ይበቃል። ስሙ በአማርኛና በላቲን፣ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር፣ የተሰየመበት ቀን፣ የሚሠራው ሥራ፣ ከአገልግሎት የወጣበት ቀን። ከዚያ ስሙን በሁለቱም ፊደል ጽፋችሁ ስቲከር ለጥፉ፣ ከፊትም ከኋላም። መብራት በጠፋ ምሽት ባትሪ ይዞ ጠረጴዛ ሥር የገባ ሰው የሚያየው የኮምፒውተሩን ጀርባ ነው።