መሬቱ ይቅደም፦ የአትክልት ስፍራ ባቡር ክለቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአትክልት ስፍራ ጥግ ብትመጡ፣ ስድስት ሰባት ሰዎች ተንበርክከን ጠጠር ስንጠቀጥቅ ታገኙናላችሁ። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ አለ፣ ነርስ አለች፣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ። እኔም አለሁበት። የምንሠራው የባቡር መስመር ነው። ሐዲዱ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ሎኮሞቲቩ በሁለት እጅ ይያዛል። ዛፉ ግን እውነተኛ ዛፍ ነው፣ ዝናቡም እውነተኛ ዝናብ።

ይህ ዓይነቱ ባቡር የዛሬ መልኩን ያገኘው ጀርመን ውስጥ ነው። ሌማን የተባለው የአሻንጉሊት ፋብሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. ኤልጂቢ በሚል ስም ለደጅ የሚሆን ትልቅ ባቡር አወጣ። መጠኑ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያንሳል። 45 ሚሊ ሜትሩን በ22.5 ብታባዙት አንድ ሜትር ገደማ ይመጣል። አንድ ሜትር ደግሞ የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋት ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ነው ክለቡ ውስጥ ጠቅልዬ የገባሁት። ለገሃርን የሚያውቅ ሰው፣ የአገሩን ባቡር በልኩ የሚያስኬድበት ሐዲድ ሱቅ ውስጥ ተሠርቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ብዙ ተሳስተናል። ሌሎች ክለቦችን ስንጎበኝም ያንኑ ስህተት እናያለን። ሳስበው የአብዛኛው ምንጭ አንድ ነው፤ ባቡሩ ሲሄድ ለማየት መጣደፍ። አዲስ ክለብ ለማቋቋም የምታስቡ ካላችሁ፣ እኛ የከፈልነውን ዋጋ እናንተ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

መሬቱ ሳይረጋ ሐዲድ መዘርጋት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን መስመር የዘረጋነው በሚያዝያ ነበር። አፈር በጋሪ አምጥተን ኮረብታ ሠራን። በእግራችን ረገጥ ረገጥ አደረግነው። በላዩ ሐዲድ አስቀመጥን፣ ጠጠር በተንን፣ ፎቶ ተነሣን። ግንቦት ላይ ባቡሩ እየበረረ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወረደ። በማግስቱ ስንመጣ ኮረብታው ከመሃሉ ተንዷል። ወደ ሁለት ሜትር የሚሆን ሐዲድ ከሥሩ ምንም ሳይኖረው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጠጠራችንን ያገኘነው ታች መንገዱ ላይ ነው።

አዲስ የተደለደለ አፈር ይሰምጣል። ቢያንስ አንድ ክረምት ይለፍበት። ይህን ጊዜ መታገስ ካልቻላችሁ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እያረጠባችሁ ጠቅጥቁት። ቀጥሎ ሐዲዱ የሚያልፍበትን መስመር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ አንጥፉበት። በተሰበረ ድንጋይ ሙሉት። ድንጋዩ ብናኝ ያለው ይሁን፤ ገረጋንቲ ቤት ሲሠራ እንዴት እንደሚጠብቅ ያየ ሰው ይገባዋል። ሹል ጠርዙ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ብናኙ ክፍተቱን ይሞላል። የወንዝ ጠጠር ግን አትግዙ። ያምራል፣ አውቃለሁ። ክብ ስለሆነ ግን ይንከባለላል፤ ሐዲዱም አብሮት ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። ዶፍ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ቦታው ላይ ቁሙ። ውሃው ከየት ይመጣል? የት ያቁራል? በየት ይወጣል? ያንን ወረቀት ላይ አስፍሩ። መስመራችሁ ውሃውን የሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ቱቦ ወይም ድልድይ ይፈልጋል። እኛ አሁን ካሉን አምስት ድልድዮች ሦስቱ ለውበት ብለን የሠራናቸው አይደሉም። ውሃው ቦታ መርጦልን ነው።

ሐዲዱን መንቀሳቀስ እስኪያቅተው ማሰር

ሁለተኛው ዓመት ላይ ደግሞ ተማርን ብለን ሐዲዱን ከሲሚንቶ ጋር በብሎን አሰርነው። ዳር እስከ ዳር፣ ድርቅ አድርገን። የበጋው ሙቀት ሲመጣ ረጅሙ ቀጥተኛ መስመር እንደ እባብ ተጣመመ። እጄን ሐዲዱ ላይ ሳሳርፍ አቃጠለኝ።

ናስ ሲሞቅ ይረዝማል። 30 ሜትር የናስ ሐዲድ በብርድና በሙቀት መካከል 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ቢያይ፣ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። አሉሚኒየም ከዚያም ይበልጣል። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ከአየሩ እንደሚብስ አስቡና፣ የእኛ አካባቢ ክረምትና በጋ ይህን ልዩነት በቀላሉ ያመጡታል። 3 ሳንቲ ሜትሩ መሄጃ ይፈልጋል። መሄጃ ካጣ ይጣመማል፣ ወይም ብሎኑን ይነቅላል።

ስለዚህ ሐዲዱ ጠጠሩ ላይ ይተኛ እንጂ አይታሰር። ጠጠሩ ራሱ ይይዘዋል። ኩርባዎች ወደ ጎን ትንሽ እየተንቀሳቀሱ መርዘሙን ይቀበሉታል። ረጅም ቀጥተኛ መስመር ካላችሁ በየተወሰነ ርቀት ክፍተት የሚሰጥ መገጣጠሚያ አስገቡ። ሐዲድ የምትዘረጉት ለብ ባለ ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ በብርድ ቀን አፍ ለአፍ ገጥማችሁ ከዘረጋችሁት በበጋ ታዝናላችሁ።

ጠባብ ኩርባ፣ ቀጥ ያለ ዳገት

ከጀማሪ ሳጥን ጋር የሚመጣው ሐዲድ ኩርባው ከመሃል እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ለትንሽ ባቡር ይበቃል። ክለብ ግን የአንድ ሰው ባቡር አያስኬድም። አንድ ቀን አንዱ አባል ረጅም ሎኮሞቲቭ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ወይ ሰውዬውን ትመልሱታላችሁ፣ ወይ መስመሩን ታፈርሳላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው መስመር ላይ ከ1.5 ሜትር በታች አትውረዱ። ቦታ ካላችሁ ጨምሩ።

ዳገቱም እንዲሁ ነው። በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር መውጣት ጥሩ ልክ ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጎታቹ ጥቂት ፉርጎ ብቻ ይዞ ያቃስታል፤ ዳገቱ ኩርባ ላይ ከሆነ ደግሞ የባሰ። አንዱ መስመር በሌላው ላይ እንዲያልፍ ብትፈልጉ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት ብቻ 12.5 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋችኋል። ይህን ወረቀት ላይ ሳታሰሉ ቁፋሮ አትጀምሩ። ውሃ ልክ ከእጃችሁ አይለይ። ዓይን ያታልላል፤ በተለይ ተዳፋት ቦታ ላይ።

የኃይሉን ነገር ሳይስማሙ መጀመር

ባቡሩ ኃይል የሚያገኝበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በሐዲዱ በኩል ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ቮልት። ወይም ባትሪ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ይገባና በሬዲዮ ይታዘዛል። ወይም ደግሞ እውነተኛ እንፋሎት ነው፤ በጋዝ ውሃ እያፈላ የሚሄድ። ሁሉም ደስ ይላሉ። ሳይስማሙ አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ግን ይጣላሉ። አንዳንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የግራና የቀኝ ጎማው በብረት የተገናኘ ነው። ኤሌክትሪክ ያለበት ሐዲድ ላይ ሲወጣ መስመሩን ሾርት ያደርገዋል። የባትሪ ባቡርም ከሐዲዱ ኃይል የሚወስደው ክፍሉ ካልተቋረጠ ችግር ያመጣል።

እኛ በመጨረሻ የወሰንነው ሰዓት መለየት ነው። ጠዋት ኤሌክትሪክ፣ ከምሳ በኋላ ሐዲዱ ይጠፋና እንፋሎትና ባትሪ። ውሳኔው ቀላል ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ስላልተነጋገርን ሁለት ጥሩ አባላት ተቀያይመው ሄደውብናል። አሁንም ያሳዝነኛል።

ናስ ሐዲድ ከቤት ውጭ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። በየሳምንቱ የሚወለውል ሰው ከሌላችሁ ባትሪውን አስቡበት። ከግድግዳ የሚመጣው ገመድ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ ወዲያው የሚዘጋ መቁረጫ ይኑረው። እርጥብ ሣር ላይ ቆማችሁ ነው የምትሠሩት።

ገመዱ የት እንደተቀበረ በአንድ ሰው ጭንቅላት ማስቀመጥ

የመስመራችንን ገመድ ሁሉ የቀበሩት አንድ አዛውንት አባል ነበሩ። የት ምን እንዳለ ጠይቀናቸው አሳስተውን አያውቁም። "እዚህ ጋ፣ ከድንጋዩ ሁለት እርምጃ" ይሉ ነበር። አንድ ክረምት አረፉ። በጸደይ አንድ አዲስ አባል ችግኝ ሊተክል አካፋውን ሲሰካ ቋ አለ። የመስመሩ ግማሽ ጠፋ። ገመዱን ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ ቆፈርን። በየቦታው የእሳቸውን የእጅ ሥራ እናገኝ ነበር፤ በንጹሕ የተጠቀለለ፣ በቀይና በጥቁር የተለየ። እንደዚያ የሚጠነቀቁ ሰው ካርታ እንዲሥሉልን አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቃችን ይቆጨኛል።

እድር ያለ መዝገብ አይሄድም፤ ይህም ያው ነው። አንድ ደብተር ያዙ። ጉድጓዱ ሳይደፈን ሜትር አጠገቡ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡ። ገመዱን በቱቦ ውስጥ አሳልፉ። የቁልፎቹን ቅጂ ሁለት ሰው ይያዝ።

ተክሉን እንደ ጌጥ ማየት

ተክል ያድጋል፤ የምንረሳው ይህን ነው። ድንክ የአልበርታ ስፕሩስ የሚባለው ጥድ ለዚህ ሥራ ተወዳጅ ነው፤ ቅጠሉ ትንንሽ ነው፣ ቅርጹም ትልቅ ዛፍ ይመስላል። በዓመት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ያድጋል። ግን በሐዲዱ ጥግ ከተከላችሁት ከጥቂት ዓመት በኋላ ፉርጎውን መታከክ ይጀምራል። መሬት ለመሸፈን የጦስኝ ዘመድ የሆኑት ተንፏቃቂዎች ግሩም ናቸው። ረግጠናቸው ስናልፍ ሽታቸው አገር ቤት ይወስደኛል። ናና ግን መሬት ላይ አትትከሉ! በመሬት ሥር እየተሳበ ጠጠሩን ሰንጥቆ ይወጣል። የግድ ከሆነ በማሰሮ።

የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት ከሐዲድ ጎን አትነስንሱ። ዝናብ ያንሳፍፈዋል፣ ሲደርቅ የእንፋሎት ባቡር እሳት ሊያቀጣጥለው ይችላል።

የጎማና የጋንቾ ልክ አለመወሰን

ባቡር ሐዲድ ሲስት ሁሉም መስመሩን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጎማ ነው። በግራና በቀኝ ጎማ ጀርባ መካከል ያለው ርቀት 40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ሲጠብ መገንጠያው ላይ፣ ሐዲዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ከሐዲዱ ይወጣል። መለኪያ አንድ ግዙና በር ላይ አንጠልጥሉ፤ ያልተለካ ፉርጎ ሐዲድ ላይ አይውጣ። ጋንቾም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ከፍታው ጭምር። ያለዚያ የአንዱ ባቡር ከሌላው አይያያዝም።

እንግዳ ሳያስቡ መሥራት

ለሕዝብ የምንከፍትበት ቀን ነበር። አንድ የድሬዳዋ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። አማርኛ ስናገር ሰምተው ጠጋ አሉኝ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ የኛ ባቡር ነው እንዴ?"

"ልኩ የሱ ነው አባባ። ሐዲዱ በሜትሩ ተሰልቶ ነው።"

በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ ገና መወለዷ እንደነበር፣ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 እንደፈጀበት ለልጁ ነገሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው በቅርብ ሊያዩ ፈለጉ። ጉልበታቸው አልታዘዘም። መስመሩ ሁሉ መሬት ላይ ነበር። ቆመው ከሩቅ አይተው ሄዱ።

ይህን ስህተት የሠራነው ስንጀምር ሁላችንም ጉልበት ስለነበረን ነው። የዚህ ዓይነት ክለብ አባላት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ መንበርከክ ሲያቅታቸው ዝም ብለው ይቀራሉ። ቢያንስ የመስመሩን አንድ ክፍል ከፍ አድርጉ። እኛ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ አደረግነው፤ በድንጋይ የታጠረ መደብ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው እንዲያልፍ መንገዱን አሰፋን። ለልጆች መቆሚያ ደረጃ ሠራን። ወደ ሐዲዱ እጅ እንዳይሰዱ ደግሞ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ገመድ ተወጥሯል። የእንፋሎት ባቡር ጋዝ የሚሞላበት ቦታ ከሰውም ከእሳትም የራቀ ነው፤ ውሃ የሞላ ባልዲም አጠገቡ ይቀመጣል።

ከፍ ያለው ክፍል ላይ አሁን የድሬዳዋን ጣቢያ እየሠራን ነው። ግድግዳው ቆሟል። ጣሪያው ይቀረናል።