«ስትሮንግ ሬይን» አይዘንብም፦ የአይኤልትስ ተፈታኞች የቃላት ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ የቃላት ደብተሯን አሳየችኝ። ባለ 50 ሉክ ነው፤ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ መሃል ለመሃል ተከፍሏል። በግራ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺ። ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ስትሆን እንኳ ደብተሩ ከእጇ አይለይም። ከዚያ ለአይኤልትስ፣ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ ስትለማመድ የጻፈችውን ድርሰት አነበብኩ። ወንድሟ ትምህርቱን መጨረሱን ለመናገር «ሂ ኮሚትድ ሂዝ ኤጁኬሽን» ብላ ጽፋለች።

ደብተሩን ገለጥኩ። «ኮሚት፦ ፈጸመ» ይላል። ፍቺው ልክ ነው። በአማርኛ ግን ትምህርትም፣ ጋብቻም፣ ወንጀልም ይፈጸማል። እንግሊዝኛው «ኮሚት» በዚህ ፍቺው ወንጀልን፣ ኃጢአትን፣ ስህተትን ነው የሚያስከትለው። ለፈታኙ የወንድሟ ትምህርት እንደ ወንጀል ተነበበለት ማለት ነው።

ይህን ስህተት በጣም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ በእሱ ልጀምርና ረዘም ላድርገው። ቃልን ብቻውን፣ ከአንድ የአማርኛ ፍቺ ጋር አጣብቃችሁ አትሸምድዱ! በራሳችን ቋንቋ እንየው። እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ቅቤ ይነጠራል። አንድ የውጭ ሰው «ጠላ ጋገርኩ» ቢላችሁ ምን ለማለት እንደፈለገ ይገባችኋል። ግን አማርኛው ገና እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ። ፈታኙም የእናንተን ድርሰት ሲያነብ እንደዚያው ነው።

በጣም የሚያሳስተን «ኃይለኛ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ዝናቡም ኃይለኛ፣ ነፋሱም ኃይለኛ፣ ጉንፋኑም ኃይለኛ ነው። ተማሪዎቼ ሁሉንም «ስትሮንግ» ይሉታል። እንግሊዝኛ ግን ነፋሱን «ስትሮንግ»፣ ዝናቡን «ሄቪ»፣ ጉንፋኑን «ባድ» ይላል። ለምን ብላችሁ አትጨነቁ። ጠላ ለምን እንደሚጠመቅ፣ ጠጅ ለምን እንደሚጣል እኛስ መቼ ጠየቅን? አብረው የሚሄዱትን አብራችሁ ያዙ። ደብተራችሁ ላይ «ዲሲዥን፦ ውሳኔ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ብላችሁ ጻፉ። አለበለዚያ «ውሳኔ ሰጠ» የሚለው አማርኛ ይመጣና «ጊቭ ዲሲዥን» ያስጽፋችኋል።

ይህ ነጥብ ያስቆርጣል። በራይቲንግ፣ ማለትም በጽሑፍ ፈተናው፣ አራት መመዘኛዎች አሉ፤ የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ አንዱ ነው፣ 25 በመቶ ይይዛል። የባንድ 7 (ባንድ የውጤት ደረጃ ነው) መግለጫ ደግሞ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ማወቅን በስም ጠቅሶ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የ«ከባድ ቃል» አባዜ ነው። አንዱ ልጅ በ250 ቃላት ድርሰት ውስጥ «ፕሌቶራ»ን አራት ጊዜ አስገብቶታል። «ዊ ኒድ ኤ ፕሌቶራ ኦፍ ሆስፒታልስ» ይላል። ቃሉ ከልክ በላይ መብዛትን ያዘለ ነው። ከልክ በላይ ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገን? «ሞር ሆስፒታልስ» ቢል ዓረፍተ ነገሩ ንጹህ ነበር። እንዲህ ያሉ ልጆችን መቆጣት ያቅተኛል፤ ልፋታቸው ያሳዝነኛል። «በእነዚህ 100 ቃላት ባንድ 8 ታገኛላችሁ» የሚል ዝርዝር የሚያዘዋውሩት ናቸው የሚያናድዱኝ።

ዝርዝር ካስፈለጋችሁ አንድ ደህና አለ። በ2000 አቬሪል ኮክስሄድ በኒውዚላንድ ያዘጋጀችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው። 570 የቃል ቤተሰቦች አሉት። «ቤተሰብ» የሚለው ይሰመርበት። ከቤተሰቡ አንዱን ብቻ የሚይዝ ሰው «አይ ዋንት ቱ ሳክሰስ» ብሎ ይጽፋል። «ሳክሰስ» ስም ነው፣ «ሳክሲድ» ግስ ነው፣ «ሳክሰስፉል» ቅጽል ነው። እኛ ከ«ሰበረ» ሰባሪ፣ ስብራት፣ መስበሪያ እያልን ያደግን ነን። ይህ ሊከብደን አይገባም።

ሌላው ከውጭ መጥተው አማርኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። የምናውቃቸው ስለሚመስለን መዝገበ ቃላት አንገልጥም። «ፋብሪካ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛው «ፋብሪክ» ግን ጨርቅ ነው። እኔም የመጀመሪያ ፈተናዬን ስወስድ ስለ ብክለት ስጽፍ ወንዙን የሚበክሉት «ፋብሪክስ» ናቸው ብያለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ትዝ አለኝ። ያን ቀን እራት አልበላሁም። «ትራፊክ» ለእኛ ፖሊሱ ነው፤ ለእነሱ መንገድ ላይ ያለው የመኪና እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ «ዘ ትራፊክ ቱክ ማይ ላይሰንስ» አይሆንም። «ቅዳሜ ፕሮግራም አለኝ» ስንልም «ፕሮግራም» አይደለም፤ «አይ ሃቭ ፕላንስ» ነው። ስፒኪንግ ላይ፣ በንግግር ፈተናው፣ ይህ በየቀኑ የሚመጣ ነው።

«ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ»፣ «ኤቪደንስስ»፣ «ኢኪፕመንትስ» የሚባሉ ቃላት የሉም። አማርኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ማስረጃዎች፣ መሣሪያዎች ስለሚል እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። «ኤስ»ዋን አጥፏት።

«ዲስከስ» ካላችሁ «አባውት» አትጨምሩ። «ስለ»ን እየተረጎማችሁ ነው።

«ኪድስ» የሚለውን ቃል ከራይቲንግ አውጡት፤ «ችልድረን» በሉ። ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ስትጽፉ «ጩጬዎች» ትላላችሁ? ስፒኪንግ ላይ ግን ችግር የለውም። እዚያ ደግሞ የመጽሐፍ ቋንቋ መደርደር ነው የሚጎዳው።

ፊደል አጻጻፍን ብዙዎች ይንቁታል። ሊስኒንግ፣ የማዳመጥ ፈተናው፣ 40 ጥያቄ አለው፤ መልሱን ሰምታችሁ ፊደሉን ከሳታችሁ ዜሮ ነው። አማርኛ እንደሚሰማው ይጻፋል፤ እንግሊዝኛ አይደለም። «ገቨርመንት» ብለን ስለምንሰማ ከ«ኤም» በፊት ያለችውን «ኤን» እንውጣታለን። «ኢንቫይሮመንት» ላይም ያችው «ኤን» ትቀራለች። «አኮሞዴሽን» ሁለት «ሲ» እና ሁለት «ኤም» አለው። እነዚህን ሦስቱን ዛሬ ማታ አሥር አሥር ጊዜ በእጃችሁ ጻፏቸው። በእጅ ያልኩት ኪቦርዱ ስለሚያርምላችሁ ነው።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ አዲስ ቃል አትጨምሩ። የቆዩ ድርሰቶቻችሁን አውጡና ከእያንዳንዱ ግስ ቀጥሎ የመጣውን ስም አንድ በአንድ ፈትሹ።

ነርሷ ደብተሯን አልጣለችውም። በቀኝ በኩል ያለውን አማርኛ በእርሳስ እየሰረዘች በቦታው አብረው የሚሄዱ ቃላት እየጻፈች ነው። ትናንት አንዱን ገጽ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ኮሚት ኤ ክራይም»፣ «ኮሚት አን ኤረር» ይላል። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ኮምፕሊት ሂዝ ኤጁኬሽን»።