ባዝራዋ ወይ አሳማዋ ጨነገፈች? መጀመሪያ የወደቀውን ፅንስ እዩት

ብዙ ሰው የወደቀውን ፅንስ ወስዶ ለውሻ ይጥላል፣ እባካችሁ ይሄን ተዉት! ምክንያቱ የሚገኘው እሱ ላይ ነው። በጓንት አንሱት (ወደ ሰው የሚተላለፍ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል)፣ ከነእንግዴ ልጁ በፌስታል አርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡና ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ጥሩ፣ ሳምፕሉ ላብራቶሪ ይሂድ።

ባዝራ ምንም ሳትታመም ከ7 ወር በኋላ ድንገት ከጣለች፣ ፅንሱም ያልበሰበሰ ትኩስ ከሆነ፣ አንዳንዴ ከነሽፋኑ ዱብ ይላል፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፈረስ ሄርፐስ ቫይረስ 1 ነው። ያው ወጣት ፈረሶችን ጉንፋን የሚያሲዘው ማለት ነው። ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና በረጅም ጉዞ ወይ በጭንቀት ይቀሰቀሳል፣ ስለዚህ አዲስ ፈረስ ስላላስገባን አይሆንም አትበሉ። የማህፀኑን ደም ስር ስለሚጎዳ ፅንሱ ኦክስጅን ያጣል። ምን ይደረግ? ባዝራዋን ለብቻ አርጓት፣ ጉዝጓዙን አቃጥሉ፣ እሷን የሚያበላ ሰው ሌሎቹን ጨርሶ መጨረሻ ላይ ይግባላት፣ ከመጨረሻው ጭንገፋ በኋላ ለ28 ቀን ፈረስ አይውጣ አይግባ። እሷ ራሷ ትድናለች፣ በሚቀጥለው ታረግዛለች። ክትባቱ በ5፣ 7 እና 9 ወር እርግዝና ይሰጣል፣ ግን መቶ በመቶ ስለማይከላከል እርጉዞቹን ከወጣቶቹ ለዩ።

ከመጣሏ በፊት ትኩሳት ነበራት፣ አይኗና እግሯ አብጦ ነበር? የፈረስ አርተራይቲስ ቫይረስ (ደም ስር የሚያቆስል) ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ድንጉላውን አስመርምሩት፣ ጤነኛ መስሎ በዘር ፈሳሹ ለአመታት ሊያስተላልፍ ይችላል፣ በ1984 አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ የተነሳው ወረርሽኝ በማዳቀል ነው የተዛመተው።

አሳማ ጋ ስንመጣ፣ ግልገሎቹ የደረቁና መጠናቸው የተለያየ ሆኖ እናትየው ግን ደህና ከሆነች ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ በተለይ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ከሆነ። ከ70 ቀን በፊት የተያዘው ፅንስ ይሞታል፣ ከዛ በኋላ ያለው ራሱን መከላከል ይጀምራል፣ ቫይረሱም ካንዱ ወዳንዱ ቀስ እያለ ስለሚሄድ ነው መጠናቸው የሚለያየው። መድሃኒት የለውም፣ ከወንድ ጋር ከመገናኘቷ በፊት ማስከተብ ነው። በረቱ ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ፋንድያውን በደንብ ጠርጋችሁ በበረኪና እጠቡ።

እናትየው ምግብ እምቢ ብላ፣ አተኩሷት፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ከጣለች ወይ የሞተና ደካማ ግልገል ቀላቅላ ከወለደች ደግሞ ፒአርአርኤስ (የአሳማን መራቢያና መተንፈሻ የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ) ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካም፣ ተደርቦ የሚመጣውን ኢንፌክሽን ብቻ ነው የሚረዳው፣ ስለዚህ ብራችሁን መርፌ ላይ ከመጨረሳችሁ በፊት ላብራቶሪ ያረጋግጥላችሁ፣ እስከዛው አዲስ አሳማ አታስገቡ፣ ከሌላ ሰው ወንድ አሳማም ለማዳቀል አትዋሱ።