ለበጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ተከላካይ ጎረቤት ምስጋና ስታዘጋጁ

ጀርመን ገጠር ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ ሌሊት ሳይረን ሲጮህ ከአልጋቸው ዘለው የሚሮጡት ደመወዝተኞች አይደሉም፤ አናጺው፣ ገበሬው፣ ዳቦ ጋጋሪው ናቸው። ፍራይቪሊገ ፎየርቬር የሚባለው በጎ ፈቃደኛ ኃይል በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ያቀፈ ነው። እኛ ባየርን ውስጥ ባለችው መንደራችን ጋሼ ለምንላቸው ጎረቤት ምስጋና አዘጋጅተን ነበር፤ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ኮማንዳንቱን፣ ማለትም የመንደሩን እሳት አደጋ ኃይል አዛዥ አነጋግሩ። የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚያውቀው እሱ ነው። በባየርን 25 ዓመት በሥራ ላይ ላገለገለ የብር፣ 40 ዓመት ላገለገለ የወርቅ የክብር ምልክት በመንግሥት ስም ይሰጣል። ያ የራሱ ሥርዓት ስላለው ለሚሰጡት ተዉላቸው። የናንተ ድርሻ ሜዳልያው የማይናገረውን መናገር ነው።

ለዚህም የመንደሩን ሰው ቤት ለቤት እየዞራችሁ ጠይቁ። እኛ ስንዞር ስለ እሳት ያወራን ሰው ጥቂት ነው። አንዲት እናት ምድር ቤታቸው በጎርፍ ተሞልቶ ጋሼ ውሃው በፓምፕ ተስቦ እስኪያልቅ አብረዋቸው እንዳደሩ ነገሩን። አንዲት ወጣት ደግሞ መኪናዋ ተገልብጦ ብረቱ ተቆርጦ እስክትወጣ ድረስ እጇን ይዘው ስሟን እየጠሩ ያናግሯት ነበር። ድምፃቸውን እስከ ዛሬ ትለየዋለች። ንግግራችሁ ይኸው ይሁን፤ ቦታውንና ዓመቱን ጠቅሳችሁ በአጭሩ ተናገሩ። «ጀግናችን» እያሉ ማሞካሸት እዚህ ሰውየውን ያሸማቅቃል።

ባለቤታቸውን በስም ጥሩ። እራት ላይ ፔጀሩ (የጥሪ መሣሪያው) ሲጮህ ሳህኑ እንደቀረበ ትተው ሲወጡ፣ እስኪመለሱ እንቅልፍ የማይወስዳቸው እሳቸው ናቸው። እኛ ነጠላ አልብሰናቸው እንባቸው መጣ፤ እስከዚያ ቀን ማንም ለብቻቸው አመስግኗቸው አያውቅም። ለአሠሪያቸውም አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጥሪ በመጣ ቁጥር ከሥራ የሚለቃቸው እሱ ነው።

ውድ ስጦታ ከማሰባችሁ በፊት ኮማንዳንቱን ጠይቁ። እኔ የምመርጠው ለወጣቶቹ ክፍል መዋጮ ማድረግ ነው፤ የነገዎቹ ተተኪዎች እዚያ ናቸው።

ድግሱ ጣቢያው ውስጥ ከሆነ ከሰሉንና ዕጣኑን ውጭ አድርጉት፤ የጭስ መጠቆሚያ አለ። የመኪኖቹ መውጫ በር ፊት ጠረጴዛም መኪናም አይቁም። ለጥሪ ዝግጁ የሆኑት አልኮል ስለማይጠጡ ቡናው ላይ በርቱ። ፔጀር ጮሆ ግማሹ ሰው ብድግ ቢል ቅር አይበላችሁ፤ ምግቡን ሸፍናችሁ ጠብቁ። ርቧቸው ነው የሚመለሱት፤ በርበሬ የማይችሉ ስለሚኖሩም አልጫውን በርከት አድርጋችሁ ሥሩ።